«ራፔልሮን» ወይስ «ራፔለርዮን»? የፈረንሳይኛ ግስ ስንት ቀለም አለው?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሊዮን ከተማ ውስጥ ሆቴል ነው የምሠራው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ። ፈረንሳይኛ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። አነባለሁ፣ ሲያወሩኝም ይገባኛል። የሚጥለኝ ረጃጅሙ ግስ ነው። የመማሪያ መጽሐፌ ‹መልሰን እንደውልልዎታለን› የሚለውን ግስ ራፕ-ፔል-ለ-ሮን ብሎ በአራት ይከፍለዋል። የፓሪስ ልጅ የሆነችው አለቃዬ ለ ላይ ያለችውን ኧ ውጣ በሦስት ትለዋለች። ከማርሴይ የመጣው ባልደረባዬ ደግሞ በአራት ይለዋል። እኔ የአለቃዬን ይዤ፣ ያቺን ኧ ሁሌ መዋጥ ጀመርኩ። በቀደም ለአንድ እንግዳ ‹ክፍል ቢለቀቅማ እንደውልልዎት ነበር› ልለው ብዬ፣ ‹እንደውልልዎታለን› ያልኩት መስሎት ማታውን ሙሉ ስልክ ሲጠብቅ ቆየ። አፍሬ ነው የዋልኩት። ቃሉን ሥርና ጭራ እየለየሁ ቆራርጬ ለመጥራትም ሞክሬያለሁ፤ እሱም አልሆነልኝም። ትክክለኛው አከፋፈል የቱ ነው?»

መልስ፦ መጽሐፍሽም፣ አለቃሽም፣ ባልደረባሽም አልተሳሳቱም። ስህተቱ አንዱን መርጠሽ በሁሉም ግስ ላይ መጫንሽ ነው። ሥርና ጭራ እየለዩ መቁረጡም ሌላ ስህተት ነው፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ ስለ አጻጻፌ። ፈረንሳይኛውን በፊደላችን ነው የምጽፈው። በቅንፍ የገባ (ን) ስታዪ አናባቢው በአፍንጫ ይወጣል ማለት ነው፤ ምላስሽ ላንቃሽን አይነካም። ሳድስ ስጽፍ እንደ «ቤት» ት ባዶ ተነባቢ ነው። እንደ ለ፣ ነ፣ ረ ያሉት ግዕዞቹ ያቺን አጭር ኧ ይዘዋል። ፈረንሳዮችም ፊደሏን ሲጠሯት «ኧ» ነው የሚሏት። ቀለም የምለው ደግሞ በግጥም የምንቆጥረውን ነው፦ አንድ አናባቢ፣ ከነተከታዮቹ።

ፈረንሳይኛ ሦስት ዓይነት አቆጣጠር አለው። አንዱ የወረቀት ነው። መስመር ሲያልቅ ቃሉን የት እንቁረጠው ለሚል ጸሐፊ የተበጀ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ተነባቢ ከተደረደረ አንዱ ከላይ ይቀራል፣ አንዱ ወደ ታች ይወርዳል። ራፕ-ፔል-ለ-ሮን የመጣው ከዚህ ነው። በዚህ ሰረዝ ማንም አይናገርም። ሁለተኛው የንግግር ነው፦ ራ-ፔል-ሮ(ን)፣ ሦስት። ሦስተኛው የግጥም ነው። በአሥራ ሁለት ቀለም በሚሄደው በጥንቱ ግጥም፣ ተነባቢ የሚከተላት ኧ ትቆጠራለች፤ ራ-ፔ-ለ-ሮ(ን)፣ አራት። የማርሴዩ ባልደረባሽ ግን ግጥም እያነበበልሽ አይደለም። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከቱሉዝ እስከ ማርሴይ፣ ያቺ ኧ በተራ ወሬም ትሰማለች። የአገሩ ለዛ ነው።

አሁን ወደ ኧ እንምጣ። ብዙ ተማሪ «የማትነበብ ፊደል» ብሎ ነው የሚማራት። ጣጣውን ያመጣብሽ ይሄ ትርጉም ነው። አንዳንዴ ትነበባለች፣ አንዳንዴ አትነበብም፤ የሚወስኑት ጎረቤቶቿ ናቸው። ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። እስቲ «ክብር» በይ። ብ ላይ ትንሽ አናባቢ አለች አይደል? አሁን «ክብሬ» በይ። ያቺ አናባቢ ጠፋች፤ ብ ባዶዋን ቀረች። ፊደሏ ግን ያው ብ ናት። ይሄን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረሽም። ተነባቢ ሲደራረብብን አናባቢ ጣል እናደርጋለን፣ መንገዱ ሲሰፋ እናነሳታለን። የፈረንሳይኛዋ ኧ የሳድሳችን ዘመድ ናት።

ሞሪስ ግራሞን የተባለ ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ ይሄን በ1894 እ.ኤ.አ. «የሦስት ተነባቢ ሕግ» ብሎ አስቀመጠው። ኧ ብትጠፋ ሦስት ተነባቢ ጎን ለጎን የሚቆም ከሆነ ትቆያለች። ሁለት ብቻ ከሆነ ልትዋጥ ትችላለች። ከሳምንቱ ቀናት ብትጀምሪ ይቀልሻል። ቅዳሜ ሳም-ዲ ነው፤ ኧዋ ተውጣለች፣ ም እና ድ ብቻ ናቸው የተገናኙት። ዓርብ ግን ቫ(ን)-ድረ-ዲ ነው። ኧን ብትውጪ ድ፣ ር፣ ድ ይደራረባሉ፤ ስለዚህ ትቆያለች። ወደ ግስ ስንመጣም እንደዚሁ ነው። «እንሰጣለን» ዶን-ሮ(ን) ይባላል፣ ሁለት ቀለም። «እንናገራለን» ግን ፓር-ለ-ሮ(ን) ነው፣ ሦስት። «እናሳያለን» ሞ(ን)-ትረ-ሮ(ን) ነው፣ እሱም ሦስት። መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ኧዋን የሚያቆያት ወይም የሚያጠፋት ከፊቷ ያለው ተነባቢ ብዛት ነው። ሕጉ ሁሉንም ነገር አይሸፍንም፤ በፈጣን ወሬ የሚጥሱት ቦታ አለ። አንቺን ግን ከአብዛኛው ስህተት ያድንሻል።

እንግዳውን ስልክ ያስጠበቀውን ቃል አሁን በቅርብ እንየው። ራ-ፔል-ሮ(ን) ላይ ኧ ስትዋጥ የሚገናኙት ል እና ር ናቸው። ሁለት ናቸው፣ ይሄዳል። ይሄ ፉቱር ነው፣ የወደፊቱ። ኮንዲስዮኔሉ፣ ማለትም «ቢሆን ኖሮ» የሚባልበት፣ መጨረሻው ርዮ(ን) ነው። አንዲት ይ ተጨመረች። አሁን ኧን ብትውጪ ል፣ ር እና ይ ይደራረባሉ። ይሄንን ፈረንሳይኛ አይቀበልም። ስለዚህ ኧ እዚህ ግድ ናት፦ ራ-ፔ-ለ-ርዮ(ን)፣ አራት ቀለም። አለቃሽም እዚህ ጋ አራት ነው የምትለው። አድምጫት። አንቺ ኧዋን ውጠሽ ራ-ፔል-ርዮን ስትዪ፣ ቀጭኗ ይ በር ውስጥ ሰጠመች፤ ሦስት ቀለም የቆጠረ ጆሮ ደግሞ ፉቱር መስሎት አረፈ። ስህተቱ የእንግዳው አልነበረም። ሁለቱን ቃል የምትለያቸው ይ ብቻ አይደለችም፤ የቀለሙም ቁጥር ነው።

ይሄ በ«እኛ» እና በ«እናንተ» ብቻ ነው የሚመጣው፤ ርዮ(ን) እና ርዬ የሚሉት መጨረሻዎች የእነሱ ናቸውና። «እንሰጥ ነበር» ዶ-ነ-ርዮ(ን)። «እንሆን ነበር» ሰ-ርዮ(ን)። «ታደርጉ ነበር» ፈ-ርዬ። በእነዚህ ሁሉ ኧን አትንኪያት።

አሁን ደግሞ ሌላ አጥር አለ። «ይገባን ነበር» ለማለት ብዙ ተማሪ ዴቭ-ርዮን ይላል። ሁለት ቀለም አድርጎ ማለት ነው። ትክክሉ ደ-ቭሪ-ዮ(ን) ነው፣ ሦስት። እንደ ቭር፣ ድር፣ ትር፣ ብል፣ ክል ያለ ጥንድ ተነባቢ በአንድ ቀለም መጀመሪያ ላይ ካለ፣ ከኋላው ይ ሊለጠፍበት አይችልም። ያቺ ይ ከፊቷ ሙሉ ኢ ታወጣለች። «እንፈልግ ነበር» ቩ-ድሪ-ዮ(ን) የሚሆነው በዚህ ነው። «በፊት እንገባ ነበር» አ(ን)-ትሪ-ዮ(ን) ነው። «በፊት እንናገር ነበር» ግን ፓር-ልዮ(ን)፣ ሁለት ብቻ። እዚህ ር እና ል የአንድ ቀለም ልጆች አይደሉም፤ ር ያለፈው ቀለም ጭራ ነው፣ ል የሚቀጥለው ራስ። ስለዚህ አይጣበቡም።

ፈረንሳዮች ራሳቸው በዚህ ተጣልተውበታል። ፒየር ኮርኔይ በ1637 እ.ኤ.አ. «ለ ሲድ» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ «ነፍሰ ገዳይ» የሚለውን ቃል፣ መር-ትሪ-ዬ፣ ሦስት ቀለም አድርጎ ቆጠረው። የፈረንሳይኛ ጠባቂ የሆነው ጉባኤ፣ አካዴሚ ፍራንሴዝ፣ «ይሄ ቃል ሁለት ቀለም ነው» ብሎ ነቀፈው። የድሮዎቹ ገጣሚዎች በሁለት ነበር የሚቆጥሩት። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ በሦስት ይለዋል። ጉባኤው የልማዱን ሕግ ያዘ፣ ኮርኔይ ጆሮውን አመነ፣ ቋንቋው ከኮርኔይ ጋር ሄደ። ተማሪው ደቭርዮንን በሁለት ለማለት የሚታገለው ትግል፣ ፈረንሳዮቹም ያቃታቸው ትግል ነው።

አንድ ጥንቃቄ። እኛ ተነባቢ ሲደራረብ ሳድሳችንን ጣል የማድረግ ልማድ አለን። ቭሪን ቭ-ሪ ብለሽ እንዳትከፍያት። ቭ እና ር በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። ኧ በሌለችበት አናባቢ መጨመር፣ ኧ ባለችበት ከመዋጥ እኩል ያሳስታል።

ሥርና ጭራ ስለ መለየት። ለመጻፍ ጥሩ ዘዴ ነው። ለመናገር ግን አይሆንም፤ የፈረንሳይኛ ምላስ ሥር አያውቅም። በሁለት አናባቢ መሀል ያለች ተነባቢ ሁሌም ወደ ፊት ትሄዳለች፣ የሚቀጥለውን ቀለም ትከፍታለች። የቃል ድንበርም አያቆማትም። እኛም «ቤት አለኝ» ስንል ቤ-ታ-ለኝ ነው የሚወጣው። «አለን» በፈረንሳይኛ ኑ-ዛ-ቮ(ን) ነው። ያቺ ዝ «እኛ» የሚለው ቃል ጭራ ነበረች፤ ብቻውን ሲነበብ አትሰማም፣ አናባቢ ሲከተል ግን ተነስታ የሚቀጥለውን ቀለም ትከፍታለች። ሊዬዞን የሚሉት ይሄን ነው። የአዲስ አበባን ባቡር ጣቢያ ለገሃር ብለን የምንጠራው ለምን ይመስልሻል? ላ ጋር፣ ማለትም «ጣቢያው»፣ ሁለት ቃል ነው። የሰሙት አባቶቻችን ድንበሩን አልሰሙም፤ አንድ ቃል አድርገው ወሰዱት። በደንብ ነው የሰሙት፤ በፈረንሳዮችም አፍ ድንበሩ የለም።

ሊዬዞን ጌጥ አይደለችም፤ ትርጉም ትሸከማለች። ኢል-ዞ(ን) «አላቸው» ነው። ኢል-ሶ(ን) «ናቸው» ነው። ኢ-ላ-ሪቭ «ይመጣል»፣ ኢል-ዛ-ሪቭ «ይመጣሉ»። አንድ ሰው ይሁን ብዙ፣ በዚህ ግስ ላይ የምታውቂው በዝ ብቻ ነው። «ይወስዳል ወይ?» ሲባል ደግሞ ፕራ(ን)-ቲል ነው፤ የተጻፈው ዴ ነው፣ የሚሰማው ት ነው።

ግሱ ተውላጠ ስሞችን ሲደርብ ደግሞ ሁሉንም እንደ አንድ ረጅም ቃል ያዢው። «በነገሩኝ ነበር»፣ አንድን አክብረሽ ስታናግሪ፣ በጽሑፍ አምስት ቁራጭ ነው። በአፍ ቩም-ሎ-ርዬ-ዲ ነው፣ አራት ቀለም። የ«እኔን» ኧ ተዋጠች፣ ም ብቻዋን ቀርታ ከፊቷ ባለው ቩ ላይ ተንጠለጠለች። በ«እሱ» ሲሆን ግን ኢል-መ-ሎ-ሬ-ዲ ነው። እዚህ ኧ አትዋጥም፤ ብትዋጥ ል፣ ም፣ ል ይደራረባሉ። ያው የሦስት ተነባቢ ሕግ፣ አሁን የቃል ድንበር ተሻግሮ። ድምቀቱም በሙሉው ሐረግ መጨረሻ ቀለም ላይ ነው የሚወድቀው፣ ዲ ላይ። በየመሀሉ ካጠነከርሽ ሰሚው ግራ ይጋባል።

ከሁሉ በላይ ልታውቂው የሚገባ አንድ ጥቅም አለሽ። አማርኛ ማጥበቅና ማላላት ያውቃል። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ግን መኖሩን ነው የሚነግርሽ። ፊደላችን ይሄን አይጽፍም፣ አፋችን ግን አይስተውም። ፈረንሳይኛ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ ተነባቢ ደግሞ ይጽፋል፣ ግን አያጠብቅም። ራፔልሮን ላይ ፔም ኤልም ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል፤ አንዳቸውም አይጠብቁም። እኛ በላቲን ፊደል አማርኛ ስንጽፍ የምናጠብቀውን ደግመን ስለምንጽፍ፣ ሁለት ፊደል ባየን ቁጥር ማጥበቅ ያምረናል። ተይው።

ጥቂት ግሶች ግን እውነትም ይጠብቃሉ። መሮጥ፣ መሞት፣ እና «ማግኘት፣ መያዝ» የሚል ትርጉም ያለው አኬሪር ናቸው። ኩ-ሬ ሲላላ «በፊት እሮጥ ነበር» ነው። ኩር-ሬ ሲጠብቅ «ብችል እሮጥ ነበር» ነው። በአማርኛ ሁለቱም «እሮጥ ነበር» ናቸው፤ እዚያ የሚለያቸው የር መጥበቅ ብቻ ነው። ብዙ የሌላ አገር ተማሪ ይሄን ለመስማት ወራት ይፈጅበታል። አንቺ በመጀመሪያው ቀን ትሰሚዋለሽ። ጥንቃቄው ይሄ ነው፦ «መቻል» እና «ማየት» በጽሑፍ ኤርን ይደግማሉ፣ ግን ይላላሉ። ፑ-ሬ፣ ቬ-ሬ።

ቀሪዎቹን በአጭሩ። በኧ፣ ኤን፣ ቴ የሚያልቅ የ«እነሱ» ግስ ጭራው አይነበብም። «ይናገራሉ» ፓርል ነው፣ አንድ ቀለም፤ ፓርላን የሚባል ነገር የለም። «ይናገሩ ነበር» ፓር-ሌ ነው። «እናደርጋለን» በአ እና ኢ ተጽፎ ሳለ ፈ-ዞ(ን) ይነበባል፤ «ያደርግ ነበር»ም ፈ-ዜ ነው። «ነበረኝ» ላይ በኧ እና ኡ የተጻፈችው ትንሿ ቃል፣ ኢ እያልሽ ከንፈርሽን እንደ ኡ ስታሾዪ የምትወጣው ድምፅ ብቻ ናት። እነዚህ ምክንያት አይጠየቁም፣ ይሸመደዳሉ።

አሁን ስለ ገደቡ። የ«እኔ» ፉቱርና ኮንዲስዮኔል በመጨረሻው አናባቢ ይለያሉ ይባላል፤ አንዱ ጠበብ ያለ ኤ፣ ሌላው ከፈት ያለ። የእኛ ኤ ሁለቱንም ይይዛል። ብዙ ፈረንሳዮችም አይለዩዋቸውም። በዚህ እንቅልፍ አትጪ፤ ዐውዱ ይነግራቸዋል። የጉሮሮ ርም ቀስ ብላ ትመጣለች። የእኛን ር ብትጠቀሚ ይገባቸዋል፣ የተሳሳተ ቀለም ቁጥር ግን አይገባቸውም። መዝገበ ቃላት ላይ በቅንፍ የገባች ኧ ካየሽ «ልትዋጥ ትችላለች» ማለት ነው። ችግሩ፣ መዝገበ ቃላት የግሱን መነሻ ብቻ ነው የሚያነብልሽ፤ ረጅሙን እርባታ ራስሽ መቁጠር አለብሽ። የመጽሐፍሽን ኅዳግ በአማርኛ ፊደል አትሙዪው። እዚህ የጻፍኩት ሌላ አማራጭ ስለሌለኝ ነው። ሳድሳችን ባዶም አናባቢ ያዥም ስለሆነ፣ ከሳምንት በኋላ ስታነቢው ራስሽን ታሳስቺያለሽ።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ከተጠራጠርሽ ኧን አትዋጪ። ኧን ጠርቶ የሚናገር ሰው የደቡብ ሰው ይመስላል፣ ቢበዛ ቀስ ብሎ ተናጋሪ ይባላል፤ ግን ሰው ይረዳዋል። ያለቦታዋ የዋጣት ግን የእንግዳው ዓይነት ነገር ይገጥመዋል። መዋጡ ጆሮሽ ሲለምድ ራሱ ይመጣል። ግስን ብቻውን አትሸምድጂ፤ ከ«እኛ» ወይም «እናንተ» ጋር አያይዘሽ፣ ፉቱሩንና ኮንዲስዮኔሉን ጥንድ አድርገሽ ያዢ።

ለተማሪዎቼ የማሠራቸው ልምምድ አለ። ጠረጴዛ ላይ አንድ እፍኝ ሽምብራ አድርጊ። ሐረጉን ቀስ ብለሽ በይ፣ በእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬ በጣትሽ ግፊ። ዶን-ሮ(ን)፣ ሁለት ፍሬ። ዶ-ነ-ርዮ(ን)፣ ሦስት ፍሬ። ጣትሽ ሳይሳሳት ሲሄድ ፍጥነት ጨምሪ፤ የፍሬው ቁጥር ግን አይቀየርም። ከዚያ ሬዲዮ ፍራንስ ኢንተርናሲዮናል በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበውን የአሥር ደቂቃ ዜና ክፈቺ፤ ከነጽሑፉ ይገኛል። ርዮ(ን) ወይም ርዬ በሰማሽ ቁጥር አቁሚና ፍሬ ቁጠሪ። በቀን ሦስት ግስ ይበቃል።

ነገ ሥራ ስትገቢ በሁለቱ ጀምሪ። ክፍል ካለና የምትደውዪ ከሆነ፦ ኑ-ቩ-ራ-ፔል-ሮ(ን)፣ አምስት ፍሬ። ክፍል ከሌለና የማትደውዪ ከሆነ፦ ኑ-ቩ-ራ-ፔ-ለ-ርዮ(ን)፣ ስድስት ፍሬ። ለ ላይ ስትደርሺ አትቸኩዪ።